በቀላሉ ከሚላጥ ቆዳ ጋር ማደግ

አዲስ ከተወለደ ሕፃን እጅ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ሲነሳ ቆዳው አብሮ ተላጥቶ ከመጣ፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የሚፈልጉት ከራሳቸው ዘንድ ነው። ነርሷ እጇ ከብዶ እንደሆነ ትሠጋለች፤ እናት በእርግዝናዋ ወራት የበላችውንና የጠጣችውን ታስባለች፤ ሐኪሙ ደግሞ ኢንፌክሽን ይሁን ቃጠሎ ለመለየት ይጣደፋል። ጥፋቱ ግን የአንዳቸውም አይደለም። ሕፃኑ የተወለደው የቆዳውን ሽፋኖች እርስ በርስ አያይዞ የሚይዘው ነገር ጎድሎት ነው። ሕመሙ በሕክምና ስሙ ኢፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ፣ ባጭሩ ኢቢ ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣው ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ሃይንሪሽ ኮብነር ሲሆን፣ ቃሉ የላይኛው ቆዳ እየለቀቀ ውሃ መቋጠሩን ይናገራል። በአሜሪካ ለዓመታት በተካሄደ ብሔራዊ የሕሙማን ምዝገባ መሠረት ከ1 ሚሊዮን ሕፃናት መካከል ከዚህ ሕመም ጋር የሚወለዱት ወደ 20 ያህል ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች አንድም እንዲህ ያለ ሕፃን ሳያዩ የሥራ ዘመናቸውን ሊፈጽሙ ይችላሉ።

ስለዚህ ሕመም የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቁስሉ ነው። ቁስሉን መረዳት ግድ ነው፤ ነገር ግን ከቁስሉ ጋር አብሮ የሚያድግ ልጅ አለ፤ ያ ልጅ ይጫወታል፣ ይማራል፣ ያኮርፋል፣ ይወዳል፤ አንድ ቀንም የራሱን ቁስል ራሱ ማሰር ይኖርበታል። በእኔ እምነት የእንክብካቤው ከባዱ ጥያቄ ጥበቃው ከወላጅ እጅ ወደ ልጁ እጅ እንዴት ይሻገር የሚለው ነው፤ ይህም ጥያቄ የሚጀምረው ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ሳይሆን ገና ፋሻውን በጣቱ መንካት ሲጀምር ነው።

መጀመሪያ ስለ ቆዳው። ጤነኛ ቆዳ በዋነኛነት ሁለት ሽፋኖች አሉት። የላይኛው በየጊዜው እየረገፈ የሚተካ ስስ የሕዋሳት ንብርብር ነው፤ የታችኛው ደግሞ ወፈር ያለና ጠንካራ ሆኖ የደም ሥሮችንና ነርቮችን ይይዛል። በሁለቱ መካከል በዓይን የማይታይ እጅግ ስስ ወለል አለ። ሁለት ጨርቆች ተደርበው ተሰፍተዋል እንበል፤ ጨርቆቹ እንከን ባይኖርባቸውም ክሩ ከሌለ ወይም ከሳሳ፣ በእጅ ሲታሹ አንዱ ከሌላው ይንሸራተታል። በቆዳ ውስጥ የክሩን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ኬራቲን 5 እና ኬራቲን 14 የላይኛውን ሽፋን የመጨረሻ ረድፍ ሕዋሳት ከውስጥ ያጠነክራሉ፤ ላሚኒን 332 እና ኮላጅን 17 ሕዋሳቱን ከመካከለኛው ወለል ጋር ያያይዛሉ፤ ኮላጅን 7 ደግሞ እንደ መልሕቅ ሆኖ ወለሉን ከታችኛው ሽፋን ጋር አጥብቆ ይይዛል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ወይም ተጣሞ ሲሠራ፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለው መተሻሸት ሽፋኖቹን ይለያያቸዋል፤ በተፈጠረው ክፍተትም ፈሳሽ ይሞላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። ጠባብ ጫማ የላጠው ጤነኛ ሰው እግር ውሃ ሲቋጥር፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ በደንብ የተያያዘ ስለሆነ እብጠቱ ባለበት ይቆማል፤ በመሆኑም "አትንካው፣ ራሱ ይደርቃል" የሚለው የተለመደ ምክር ይሠራል። በኢቢ ግን በዙሪያው ያለውም ቆዳ ልል ነው፤ የተጠራቀመው ፈሳሽ በግፊቱ ሽፋኖቹን እየለያየ ወደ ጎን ይስፋፋል። ስለዚህ እብጠቱ በንጹሕ መርፌ ከሥሩ በኩል ተበስቶ ፈሳሹ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በላዩ ያለው ስስ ቆዳ ግን አይቆረጥም፤ ለቁስሉ የተፈጥሮ መሸፈኛ ሆኖ እንዲቆይ ይተዋል። ለሌላው ልጅ ጎጂ የሆነው ነገር ለዚህ ልጅ መድኃኒት የሚሆንበት የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ለወላጆችም ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በገዛ ልጃቸው ቆዳ ላይ መርፌ ማሳረፍ መልመድ አለባቸው።

ሽፋኖቹ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚለያዩ በግልጽ ማየት የተቻለው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከመጣ በኋላ ነው፤ አሜሪካዊው ሐኪም ሮጀር ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበው ጥናት ለዛሬው አመዳደብ መሠረት ሆኗል። ዛሬ አራት ዋና ዋና ዓይነቶች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ሲምፕሌክስ የሚባለው ሲሆን፣ ክፍተቱ የሚፈጠረው በላይኛው ሽፋን ውስጥ ነው፤ ከሕሙማኑ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ይህ ዓይነት አላቸው፤ ቁስሉም አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕመሙን የሚያውቁት በእግር መዳፋቸውና በእጃቸው ላይ ነው፤ ሙቀትና ላብ ያባብሱባቸዋል። ሕመማቸው መራመድ ሲጀምሩ የሚታወቅ ልጆች አሉ፤ ውትድርና ገብተው ረጅም ጉዞ ሲያደርጉ እስኪታወቅባቸው ድረስ "እግሬ ቶሎ ይላጣል" ብለው ብቻ የኖሩም ነበሩ። ሁለተኛው ጃንክሽናል ሲሆን ክፍተቱ በመካከለኛው ወለል ውስጥ ነው፤ ከባዱ ዓይነት ብዙ ሕፃናትን ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ለሞት ይዳርጋል። ሦስተኛው ዲስትሮፊክ ይባላል፤ ጉድለቱ በኮላጅን 7 ላይ ነው፤ ክፍተቱ ከወለሉ በታች ስለሚሆን ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም ከዓመት ዓመት ይደራረባል። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1954 ቴሬዛ ኪንድለር የገለጸችው እና በስሟ የሚጠራው ነው፤ በልጅነት ውሃ ይቋጥራል፤ ዕድሜ ሲጨምር ውሃ መቋጠሩ እየቀነሰ የቆዳው መሳሳትና ፀሐይን አለመቻል ይጎላል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ስለዚህ ፍጹም የተለያየ ሕይወት ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ለስላሳ ጫማ መርጦ ሥራውን ይሠራል፤ ሌላው በየቀኑ ሰዓታትን በፋሻ ላይ ያሳልፋል።

የሕመሙ ዓይነት ሕፃኑን በማየት ብቻ አይታወቅም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላሉም ከባዱም ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ቀላል የሚባለው ሲምፕሌክስ ሰፊ ቁስል ይዞ ሊመጣ፣ ከባዱ ጃንክሽናል ደግሞ በጥቂት እብጠቶች ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ አዲስ ክፍተት ከተፈጠረበት ቦታ ትንሽ የቆዳ ናሙና ተወስዶ የጎደለው ፕሮቲን በሚያበሩ ማቅለሚያዎች ይፈለጋል፤ በደም ምርመራም ጂኑ፣ ማለትም ፕሮቲኑ የሚሠራበት በዘር የሚወረስ መመሪያ፣ ይነበባል። ቤተሰብ ትክክለኛውን ዓይነት እስኪሰማ ድረስ ማንም "ይህ ልጅ ይኖራል" ወይም "አይኖርም" ብሎ ባይናገር መልካም ነው። በችኮላ የተነገረ ቃል በኋላ ቢታረም እንኳ ከወላጅ ጆሮ ቶሎ አይወጣም።

ጂን ሲባል ወላጆች ወዲያውኑ "ከማን ወገን መጣ?" ወደሚለው ክርክር ሊገቡ ይችላሉ። እያንዳንዱ ሰው ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ እያደረገ ሁለት ሁለት የጂን ቅጂ ይወርሳል። በአንዳንድ የኢቢ ዓይነቶች፣ በተለይም በአብዛኛው ሲምፕሌክስ፣ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሕመሙን ለማምጣት ይበቃል፤ የታመመ ወላጅም በእያንዳንዱ እርግዝና ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በጃንክሽናልና በከባዱ ዲስትሮፊክ ግን ሁለቱም ቅጂዎች መበላሸት አለባቸው። እዚህ ላይ አባትም እናትም ጤነኛ ተሸካሚዎች ናቸው፤ በአያት በቅድመ አያት ማንም ታሞ ላያውቅ ይችላል፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ግን የታመመ ልጅ የመወለድ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ይህ ማለት አንድ የታመመ ከተወለደ ቀጣዮቹ ሦስቱ ጤነኛ ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጣላል። ከወላጆች ሳይወረስ በልጁ ላይ አዲስ የሚፈጠር የጂን ለውጥም አለ። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ እናት በበላችው፣ በደነገጠችው ወይም በሠራችው ሥራ የመጣ አይደለም፤ ይህ ነገር ለእናትየዋ ብቻ ሳይሆን አማቾች፣ ጎረቤቶችና ዘመዶች ባሉበት ቢነገር ብዙ ዝምተኛ ሐዘን ያስቀራል።

ሕፃኑ ወደ ቤት ሲገባ እንክብካቤው በአብዛኛው ልማድን መገልበጥ ይሆናል። ልጅ የሚነሳው በብብቱ ተይዞ ነው፤ ይህ ልጅ ግን አንድ እጅ ከራሱና ከአንገቱ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ተደርጎ፣ ቢቻል ከነለስላሳ መኝታው ነው የሚነሳው። ሕመሙ መጎተትና መታሸትን እንጂ ቀጥታ መደገፍን እምብዛም አይፈራም፤ ስለዚህ ልጁን መያዝ፣ ማቀፍ፣ በደረት ላይ ማስተኛት ይቻላል፤ ያስፈልጋልም። ልብሱ ተገልብጦ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ቁልፍና የሚያጠብቅ ላስቲክ ይቀራል፤ የሽንት ጨርቁ ጠርዝ በለስላሳ ነገር ይሸፈናል። በሆስፒታል በእጅ ላይ የሚታሰረው መለያና የእትብት መቆንጠጫው እንኳ ቆዳ ስለሚጎዱ በሌላ ዘዴ ይተካሉ። ተራ ፕላስተር ከዚህ ልጅ ቆዳ ላይ ፈጽሞ መለጠፍ የለበትም፤ የሚያገለግለው ከቁስል ጋር የማይጣበቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን የተቀባ መሸፈኛ ነው፤ እርሱም ቢሆን በላላ ፋሻ ይያዛል እንጂ በሙጫ አይያዝም። በስህተት የተጣበቀ ነገር ካለ ቀስ ብሎ በውሃ ወይም በዘይት ይረጥባል፤ አይጎተትም።

ፋሻ የሚቀየርበት ሰዓት በዚህ ሕይወት ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። በከባዱ ዓይነት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ሲሆን፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አሮጌው መሸፈኛ በውሃ ይለሰልሳል፤ በሌሊት የተፈጠሩት እብጠቶች አንድ በአንድ ተፈልገው ይበሳሉ፤ ልጁ ጥቂት ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፤ ጨው የተጨመረበት ውሃ ከተራው ውሃ ይልቅ ቁስልን የሚያቃጥለው በጥቂቱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ጣት ለየብቻው ይሸፈናል፤ ምክንያቱም ሁለት የቆሰሉ ጣቶች ጎን ለጎን ከተተዉ እርስ በርስ ተጣብቀው ይድናሉ። የሕመም ማስታገሻው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መሰጠት አለበት፤ ልጁ ማልቀስ ከጀመረ በኋላ የሚሰጥ ማስታገሻ ለዚያ ቀን ረፍዷል፤ ከዚያም ይልቅ የነገው ቀን ፍርሃት ዛሬ ተተክሏል።

ይህ ሰዓት በግድ የሚፈጸም ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ ልጅና ወላጅ የሚጣሉበት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ነርሶች ለወላጆች የሚመክሩት ልጁ ሊወስን የሚችለውን ነገር ከመጀመሪያው አንሥቶ መፈለግን ነው። የሁለት ዓመት ልጅ "ፋሻው ይቀየር ወይስ አይቀየር?" ተብሎ አይጠየቅም፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ማታለል ነውና። "ከእጅህ እንጀምር ወይስ ከእግርህ?" ተብሎ ግን ይጠየቃል። የአራት ዓመት ልጅ "ቁም" ሲል ሥራው በእውነት ለጥቂት ጊዜ መቆም አለበት፤ ቃሉ እንደሚከበር ያየ ልጅ "ቀጥል" ለማለትም ይበረታል። የሰባት ዓመት ልጅ የላላውን ፋሻ ራሱ ሊፈታ ይችላል፤ የአሥር ዓመት ልጅ እብጠት ራሱ ሊበሳ ይችላል፤ ብዙ ልጆችም በራሳቸው እጅ ሲሠሩት ሕመሙ እንደሚቀንስላቸው ይናገራሉ። ወላጅ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰውን ልጁ በአንድ ሰዓት ቢጨርሰው የባከነ ጊዜ አይደለም።

ከሕመሙ ጋር እኩል የሚያሰቃየው ማሳከኩ ነው። እየዳነ ያለ ቁስል ያሳክካል፤ ልጁ ያካል፤ ሲያክ የዳነው ተመልሶ ይቆስላል፤ በእንቅልፍ ልቡ የሚያክን ልጅ ደግሞ መቆጣት አይቻልም። ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ ክፍሉን ማቀዝቀዝና ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች በመጠኑ ይረዳሉ። ለእነዚህ ልጆች "አትከክ" የሚለው ትእዛዝ ምንም አይጠቅምም፤ እጅን በሌላ ሥራ መያዝ ይሻላል።

ከውጭ የማይታየው ክፍል በተለይ በዲስትሮፊኩ ዓይነት ከቆዳው ያልተናነሰ ነው። አፍና የምግብ ቧንቧ የተሸፈኑት ተመሳሳይ በሆነ ስስ ሽፋን ስለሆነ፣ ሻካራ ወይም ትኩስ ምግብ ያቆስላቸዋል፤ ቁስሉ ሲድን የምግብ ቧንቧው በጠባሳ ይጠባል፤ አንዳንድ ሰው ፈሳሽ እንኳ መዋጥ እስኪያቅተው ይደርሳል፤ ያኔ ሐኪሞች ቧንቧውን ወደ ውስጡ ገብቶ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ያሰፉታል። በሌላ በኩል በቁስሉ በኩል ፕሮቲን፣ ደምና ፈሳሽ ሳያቋርጥ ስለሚወጣ፣ ይህ ልጅ ከእኩዮቹ የበለጠ ምግብ ያስፈልገዋል፤ የሚበላው ግን ያነሰ ነው። የደም ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ የቁመት ማጠርና የጉርምስና መዘግየት የሚመጡት ከዚህ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች በሆድ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ እንዲደረግ ሲነገራቸው እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። እኔ ግን የገበታ ሰዓት የልመናና የልቅሶ ሰዓት መሆኑ ሲቀርና ልጁ የሚወደውን ብቻ በአፉ ሲቀምስ፣ ቱቦው ልጁንም ወላጁንም ነፃ እንደሚያወጣ አምናለሁ።

እጆች ለብቻቸው መነሣት አለባቸው። በከባዱ ዲስትሮፊክ ኢቢ ጣቶቹ በተደጋጋሚ ቆስለው ሲድኑ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ወደ መዳፍም ይታጠፋሉ፤ በመጨረሻ እጁ በጠባሳ ከረጢት ውስጥ የገባ ይመስላል። ጣቶችን የሚለያይ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ነገር ግን ጣቶቹ ከዓመታት በኋላ እንደገና መጣበቃቸው ስለማይቀር ቀዶ ሕክምናው ሊደገም ይችላል። ልጁ ግን በዚያም እጅ ይጽፋል፣ ይሥላል፣ ስልክ ይነካካል። እርሱ የደረሰበትን የራሱን አያያዝ ትቶ ሌሎች በሚይዙበት መንገድ እርሳስ እንዲይዝ ማስገደድ አይገባም።

ትምህርት ቤት ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ይህ ጥያቄ ከቆዳው ይልቅ ከሰዎች ዓይን ጋር የተያያዘ ነው። ሕመሙ አይተላለፍም፤ በመንካት፣ በመቀመጫ፣ በውሃ ወይም በምግብ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፤ ይህን መምህሩ በግልጽ ቃል ካልተናገረው ልጆቹ የራሳቸውን ምክንያት ይፈጥራሉ። መምህሩ ማወቅ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም፤ ልጁ ሲወድቅ እጁን ይዞ ጎትቶ ማንሣት እንደማይገባ፣ ፕላስተር እንደማይለጠፍበት፣ ለመጻፍና ልብስ ለመለወጥ ተጨማሪ ጊዜ እንደሚያስፈልገው፣ ከግፊያ በፊት ወይም በኋላ ከክፍል ቢወጣ እንደሚሻል ማወቁ ይበቃል። ወላጆች በማያውቋቸው ሰዎች ልጁን እንዳቃጠሉት ወይም እንደደበደቡት የሚጠረጠሩበት አጋጣሚም አለ፤ ስለ ሕመሙ የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ በቦርሳ መያዝ ከብዙ ውርደት ያድናል። ልጁ ደግሞ "ምን ሆነህ ነው?" ለሚሉት የሚመልሰውን አጭር መልስ ቤት ውስጥ ቢለማመድ ጥሩ ነው። "ቆዳዬ ቶሎ ይላጣል፣ የተወለድኩት እንዲህ ሆኜ ነው፣ አይተላለፍብህም" የሚል ሦስት ሐረግ ያለው መልስ አብዛኛውን ሰው ያጠግባል፤ መመለስ ባልፈለገ ጊዜ ዝም የማለት መብትም እንዳለው ሊነገረው ይገባል።

በብዙ አገሮች እነዚህን ልጆች የቢራቢሮ ልጆች ይሏቸዋል፤ ቆዳቸው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ስስ ነው ለማለት ነው። ስያሜው ሰው እንዲያዝንላቸው ረድቷል፤ ነገር ግን ቢራቢሮን ሁሉም በእጁ እንዳይነካ ይጠነቀቃል፤ እነዚህ ልጆች ግን የሚነካቸው፣ የሚያቅፋቸውና አብሯቸው የሚጫወት ሰው ያስፈልጋቸዋል። ኳስ መጫወት የፈለገ ልጅ ነገ ሊቆስል ይችላል። ወላጅ ሁልጊዜ ከከለከለ ቆዳው ከጥቂት ቁስል ይተርፋል፤ ልጁ ግን ቁስልን በመፍራት ብቻ የተሠራ ልጅነት ይኖረዋል። ሁልጊዜ ከፈቀደም አደጋው ግልጽ ነው። ብዙ ቤተሰቦች የሚደርሱበት መንገድ ጉልበትንና ክርንን በወፍራም መሸፈኛ ጠቅልሎ፣ ነገ የሚከፈለውን ዋጋ ለልጁ በግልጽ ነግሮ፣ ውሳኔውን በየዕድሜው መጠን ለእርሱ መተው ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የራሱን ቆዳ ልክ ያውቃል፤ ከማንም መመሪያ በላይ የሚጠብቀውም ይህ እውቀቱ ነው።

ቤተሰብ ይህን ሁሉ ብቻውን መሸከም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊስ ሂልተን የተባሉ እንግሊዛዊት እናት በልጃቸው ስም ደብራ የተባለ ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ በዚህ ሕመም ዙሪያ ከተቋቋሙት ሁሉ የመጀመሪያው ነበር፤ ዛሬ በስሙ የሚጠሩ ማኅበራት በበርካታ አገሮች አሉ። የእነዚህ ማኅበራት ትልቁ ጥቅም አንዲት አዲስ እናት ይህንኑ ሕመም ይዞ ካደገ ሰው ጋር ፊት ለፊት መገናኘቷ ነው። የታመሙት ልጆች እኅቶችና ወንድሞችም መረሳት የለባቸውም፤ እነርሱ በቤት ውስጥ ሁሉም ሰዓት ለአንዱ ሲሰጥ እያዩ ያድጋሉ፤ መቅናታቸውም መጨነቃቸውም እኩል እውነት ነው።

አሁን ወዳለው ሕክምና እንምጣ። ለረጅም ዘመን ሕክምና ማለት ቁስልን መሸፈን ብቻ ነበር። ተፈጥሮ ራሷ ግን አንድ ፍንጭ ሰጥታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በኔዘርላንድስ ማርሴል ዮንክማንና ባልደረቦቹ የጃንክሽናል ኢቢ ባለባት አንዲት ሴት ሰውነት ላይ ውሃ የማይቋጥሩ ጤነኛ የቆዳ ቦታዎች እንዳሉ፣ በእነዚያም ቦታዎች ጂኑ በራሱ ጊዜ እንደታረመ አስረዱ። ጥቂት የታረሙ ሕዋሳት ጠንካራ ቆዳ ማብቀል ይችላሉ ማለት ነው። ጣሊያናዊው ሚኬሌ ዴ ሉካና ባልደረቦቹ በቤተ ሙከራ ሕዋሳትን በማረም ይህንኑ ሞከሩ፤ የመጀመሪያ ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2006 አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን ቦሁም ከተማ አብዛኛው ቆዳው ተላጥቶ በሞት አፋፍ ላይ የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ ሆስፒታል ሲገባ፣ ከላዩ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያልተጎዳ ቆዳ ተወሰደ፤ የሕዋሳቱ ጂን ታረመ፤ በቤተ ሙከራ አድጎም 80 በመቶ የሚሆነው የላይኛው ቆዳው ተተካ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ልጁ ትምህርት ቤት ተመልሶ ነበር፤ በኋላ በተደረገለት ክትትልም ቆዳው እንደጸና ታይቷል።

ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሕሙማን የሚደርሱ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል። ከበርች ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ ተፈቀደ፤ የጂኑን ጉድለት አያርምም፤ ቁስሉ ቶሎ እንዲዘጋ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ቪጁቬክ ደግሞ በሰውነት ውስጥ እንዳይባዛ የተደረገ የሄርፒስ ቫይረስ ጤነኛውን የኮላጅን 7 ጂን ወደ ቁስሉ ሕዋሳት እንዲያደርስ የሚያደርግ ጄል ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በቁስሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሕዋሳቱ ሲረግፉ ጂኑም አብሮ ስለሚሄድ መደጋገም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሕመምተኛው ከራሱ ሕዋሳት ተዘጋጅቶ በሰፊ ቁስል ላይ የሚሰፋ የታረመ ቆዳም በአሜሪካ ተፈቅዷል። እነዚህ የቆዳውን ቁስል ይረዳሉ፤ የምግብ ቧንቧውን፣ ጥርሱንና ዓይኑን ግን አይደርሱም፤ ዋጋቸውም እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ ፋሻው፣ ገበታውና ክትትሉ አሁንም የዕለት ሥራ ሆነው ይቀጥላሉ።

የጉርምስናው ዘመን ሁሉንም ነገር እንደገና ይፈትናል። እስከ ትናንት እናቱ ሰውነቱን ስታጥበው የነበረ ልጅ ዛሬ በሩን መዝጋት ይፈልጋል፤ ይህ ፍላጎቱ ጤነኛ ነው፤ ቤተሰቡም የማይደርስበትን ጀርባውን ማን እንደሚያስርለት እንዲመርጥ ሊፈቅድለት ይገባል። ስለ ፍቅር፣ ስለ መተቃቀፍ፣ ልጅ ስለ መውለድና ጂኑን ስለ ማስተላለፍ የሚነሡ ጥያቄዎች በአፉ ባይወጡም በልቡ አሉ፤ ወላጅ ሊመልሳቸው ካልቻለ ከነርስ ወይም ከጄኔቲክስ አማካሪ ጋር ብቻውን የሚነጋገርበት ጊዜ ማዘጋጀት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ንግግር ግን ስለ ካንሰር የሚደረገው ነው። በከባዱ ዲስትሮፊክ ኢቢ ለዓመታት ሲቆስልና ሲድን የኖረ ቆዳ ላይ ስኩዌመስ ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ገና በወጣትነት ሊነሣ ይችላል፤ ከሌላው ሰው ይልቅም በፍጥነት ይስፋፋል፤ በዚህ ዓይነት ለአካለ መጠን የደረሱ ሕሙማን ዋነኛ የሞት ምክንያትም እርሱ ነው። ስለዚህ የባለሙያዎች መመሪያ ከ10 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ በየ3 እና በየ6 ወሩ መካከል መላው ቆዳ እንዲመረመር ያዛል። ለልጁ የሚነገረው በዕድሜው ልክ ነው። አሥር ዓመት ሲሆነው "የማይድን፣ ከሌሎቹ የተለየ ቁስል ካየህ ንገረን" ማለት ይበቃል፤ አሥራ ስድስት ሲሞላው ግን ምክንያቱን በሙሉ ስሙ ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ቆዳውን በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነው፤ ወፍራም ሆኖ የወጣውን፣ ባልተለመደ ሁኔታ የሚያመውን ወይም ስሜቱ የጠፋውን ቦታ ከማንም ቀድሞ የሚያገኘውም እርሱ ነው።

ከሕፃናት ሐኪሞች ወደ አዋቂዎች ሐኪሞች መሸጋገር ብዙውን ጊዜ በ16 እና በ18 ዓመት መካከል ይሆናል። ዝግጅቱ ከዓመታት በፊት ቢጀመር ይመረጣል፤ ወጣቱ መጀመሪያ ከወላጁ ጋር ገብቶ ራሱ ይናገራል፤ ቀጥሎ ወላጁ ውጭ ይጠብቃል፤ በኋላ ብቻውን ይመጣል። ወደ አዲሱ ሐኪም ሲገባ የሕመሙን ዓይነትና የተበላሸውን ጂን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የምግብ ቧንቧው ለመጨረሻ ጊዜ የሰፋበትን ጊዜ፣ ቆዳው ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረበትን ቀን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ቢይዝ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ከዚያ ወረቀት በላይ ግን፣ ሐኪሙ የደም ግፊት መለኪያውን ሊያስር ወይም ፕላስተር ሊለጥፍ ሲል እጁን ወደ ኋላ ሰብስቦ "ቆይ፣ በመጀመሪያ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ እናድርግ፤ እንዴት እንደሆነ ላሳይህ" ማለት መቻል አለበት።